በዕቅድ የተያዘው የአቶ ታመነ ጺም

የሰው ልጅ እሳትን አገኘ፣ ጎማን ፈጠረ፣ ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተመለሰ፤ በቅርቡ ደግሞ፣ ወንዶች ፀጉር ቤት ውስጥ እንደሚያወሩ ናይሮቢ ላይ ደረሰበት። ግኝቱ በዋዛ የመጣ አይደለም። ከየአህጉሩ የተጠሩ ሊቃውንት ሞምባሳ ላይ፣ ባሕር በሚያይ ሆቴል ተሰብስበው መክረውበታል። ወንዶቹ ራሳቸው "እኛ ይህን ከድሮ ጀምሮ እናውቀው ነበር" ይላሉ። ይበሉ። ወሬ ላይ ስለነበሩ ለማጥናት አልተመቻቸውም፤ ያልተጠና ነገር ደግሞ ገና አልተፈጠረም።

ይህን ግኝት ወደ ሕዝብ ያወረደው ድርጅት ስሙ ረጅም ነው። ሲያሳጥሩትም ብዙ አላጠረም፤ ስለዚህ "ድርጅቱ" ማለት ይበቃናል። ድርጅቱ ለሙከራ የመረጠው ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ ያለውን የባንታየሁን ፀጉር ቤት ነው። ምርጫው በከፍተኛ ጥንቃቄ የተካሄደ ነበር፤ ለድርጅቱ መኪና ማቆሚያ የተገኘው እዚያ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሲመከር ሲዘከር፣ ታመነ የሚባል ሰው ምንም ሳይሰማ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያው ፀጉር ቤት ይመላለስ ነበር። ታመነ የሚኖረው ከዚያ ርቆ፣ ካሳራኒ ነው፤ የሚሠራው አበባ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ በሚልክ ድርጅት ነው። ከቲካ መንገድ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ይይዛል፤ መሀል ከተማ ይወርድና ሌላ ይይዛል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ኬንያውያን ኪኒዮዚ የሚሏቸው ፀጉር ቤቶች እንደ አሸን ፈልተዋል። ሁሉንም እያለፈ ባንታየሁ ጋ ይደርሳል። ባንታየሁ ከእነሱ የተሻለ ስለሚቆርጥ አይደለም። ባንታየሁ ሁለቱ ጎኖች እኩል አልሆኑለት ሲል አንዴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን ሲል ሲል መላጣ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም "አሁን ጸዳ" ይላል፣ ሲጀምርም ያሰበው ይህንኑ እንደሆነ ሁሉ።

ታመነ በጋብቻ ዘመኑ ሁሉ ፀጉር ቤት የሚባል አያውቅም ነበር። ፀጉሩን የምትቆርጠው ሚስቱ ሚዛን ነበረች፤ ኩሽና ውስጥ፣ ትከሻው ላይ የጠረጴዛ ልብስ ጣል አድርጋ። ሚዛን ካረፈች ወዲህ ነው ቶንዶስ በሌላ ሰው እጅ ጆሮው ስር ሲጮህ የሰማው።

እንደ ወጉ ጺሙን አሳደገ። አርባዋ ወጣ፤ ጺሙ ቀጠለ። ሙት ዓመቷ ወጣ፤ ጺሙ ቀጠለ። የሚዛን ታናሽ እህት አያልነሽ ከአዲስ አበባ እየደወለች "ጋሼ፣ ዓመቱ አለፈ እኮ፤ እዚያ ካሉት ሽማግሌ ለምኜ ላስላጭህ?" ትለዋለች። እሱም "እሺ" ይላታል። "እሺ" ማለት እንደሚታወቀው "ተዪኝ" ማለት ነው፤ ከነአክብሮቱ።

ጺሙ ከብዶት አይደለም የተቸገረው። የቸገረው ጥያቄው ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሊፍት፣ በስልክ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ዘንበል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እንዴት ነህ ግን? ከልብህ ንገረኝ፣ እንዴት ነህ?" ይለዋል። ባንታየሁ ቤት ግን አንገት የሚዘነበለው በባንታየሁ እጅ ነው፤ እሱም ለመቁረጥ።

መጀመሪያ የገባ ዕለት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጋሽ ገብረመድህን ነበሩ። ጋሽ ገብረመድህን የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ ሰባ ያለፉ፣ አንድም ፀጉር የሌላቸው፣ ፀጉር ቤት ግን ቀርተው የማያውቁ። ታመነን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ባንታየሁ፣ ይኼ ባሕታዊ ከየት ዋሻ ነው የወጣው?"

"ዋሻውም አባርሮት ነው፣ ጋሼ።"

"ምን አርጎ?"

"መዓዛው ለአውሬዎቹ ከበዳቸው አሉ።"

ታመነ ተቀመጠ፤ ተሰደበ፤ ተቆረጠ፤ ወጣ። ሁለቱም የሚዛን ሳጥን ወደ አገሯ በሄደ ዕለት እስከ አየር ማረፊያው ከሸኙት ውስጥ ነበሩ። ስለዚያ አንድም ቃል አልወጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ታመነ ተመልሶ መጣ፤ የሚቆረጥ ፀጉር ግን ገና አልበቀለለትም ነበር። ባንታየሁም ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረና መቀሱን አየር ላይ ያንቆጫቁጭ ጀመር።

በዚህ ኋላ ቀር ሁኔታ ላይ ሳሉ ነው ልማት የደረሰላቸው።

ልማቱን ይዞ የመጣው ሱራፌል የሚባል ወጣት ነበር፤ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ፣ በወንዶች ስሜት ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ። መልካም ልጅ ነው፤ ይህ ከወዲሁ ይያዝልን። መልካም ሰው ባይሆን ኖሮ ያን ያህል ጉዳት ባላደረሰ ነበር። የመጀመሪያ ዕለት ቆሞ ንግግር አደረገ።

"የተከበራችሁ ወንድሞችና አባቶች፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቤት ተራ ፀጉር ቤት አይደለም። ሁለንተናዊ የወንዶች ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት ማዕከል ነው። እናንተም ደንበኞች አይደላችሁም። የለውጡ ባለቤቶች ናችሁ።"

"ባንታየሁስ?" አሉ ጋሽ ገብረመድህን።

"ጋሽ ባንታየሁ የመጀመሪያ ደረጃ የስሜት ተቀባይ ናቸው።"

"ፀጉሩንስ ማን ይቆርጣል?"

"እሱ በኋላ ይታያል።"

ባንታየሁ ይህን እንዴት ተቀበለ ለሚል፣ ምክንያቱ መብራት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ግማሽ ራሱ የተቆረጠ፣ ግማሹ ያልተቆረጠ ሰው ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ይቀራል። አንድ ጊዜ አንድ ሙሽራ እንደዚያው ሆኖ ወደ ሠርጉ ሄዷል። ድርጅቱ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባትሪ ሰጠው፤ ከፍና ዝቅ የሚል ወንበርም ጨመረለት። ባንታየሁ ደግሞ ሆቴል ውስጥ ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ለጥቂት ቀናት ድምፁ ወፍሮ ነበር።

ሥራው ወዲያው ተጀመረ። መስተዋቱ በጨርቅ ተሸፈነ፤ ወንድ ልጅ ራሱን እያየ ስሜቱን ይደብቃልና። ቴሌቪዥኑ ጠፋ። በግድግዳው ጥግ የነበረው አግዳሚ ወንበር ወጣና ወንበሮች በክብ ተደረደሩ፤ ሰው ከሰው ዓይን ለዓይን እንዲተያይ። በቃላት መጎሻሸም ተከለከለ፤ በምትኩ "የማበረታቻ አስተያየት" ተፈቀደ። ግድግዳው ላይ ፈገግ ያለ ሰው ሥዕል ያለበት ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ፦ "ወንድሜ፣ ዛሬ ምን ይሰማሃል?"

ባንታየሁ በሠለጠነው መሠረት መጀመሪያ የጠየቀው አንድ የታክሲ ሾፌርን ነው። ሰውየው ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጉሮሮውን ለምላጩ ሰጥቶ ነበር።

"ወንድሜ፣ ዛሬ ምን ይሰማሃል?"

"ምላጭ።"

"ከምላጩ ሌላ፣ በውስጥህ።"

ሾፌሩ ዓይኑን ገለጠ። "ባንታየሁ፣ እንካስላንቲያ ካማረህ መጀመሪያ እጅህን ከአንገቴ ላይ አንሳ።"

ጋሽ ገብረመድህንም ለአዲሱ ሥርዓት ራሳቸውን ለማስገዛት ሞከሩ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ሕግ ያከብራሉ። ሱራፌል ሲያያቸው ወደ ታመነ ዞረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ታመነ ልጄ፣ ትናንት ቡድንህ ሲጫወት ባየሁ ጊዜ፣ ውስጤ… ጥልቅ የሆነ ርኅራኄ ተሰማኝ።"

"በጣም ጥሩ፣ ጋሼ፤ ሼር ስላደረጉን እናመሰግናለን" አለ ሱራፌል።

"ግብ ጠባቂያችሁም እንደ ሰው ቢታይ፣ እጅ አልባ ሆኖ መፈጠሩ የእሱ ጥፋት እንዳልሆነ ልገልጽለት እወዳለሁ።"

"እሱን ትንሽ እንከልሰው።"

ውጤቱ በአጭር ጊዜ ታየ። ወንዶቹ ሸሹ። ከፀጉር ቤቱ ማዶ መኪና ማጠቢያ አለ፤ እዚያ ሄደው ጎን ለጎን ባልዲ ላይ እየተቀመጡ፣ ውኃው ሲወርድ እያዩ መሰዳደብ ጀመሩ። ንጹሕ መኪና የሚያሳጥቡ ነበሩ። መኪና የሌላቸውም የሰው እየተዋሱ መጡ። ሱራፌል ግን አልተረበሸም። የወንዶቹ መሸሽ ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ የሚያሳይ ነው ብሎ ሪፖርት አደረገ፤ ድርጅቱም በዚህ ተበረታታ።

ታመነ ብቻ መሸሽ አልቻለም፤ ጺም ነበረዋ። ሱራፌል ገና ሲያየው ልቡ ደንግጧል። ሐዘን ላይ ያለ ወንድ፤ ሐዘኑም ከሩቅ የሚታይ። ወደ ጥግ ወሰደው።

"ጋሽ ታመነ፣ ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ። ስለ ባለቤትዎ ሰምቻለሁ። እርስዎ የፕሮጀክቱ የለውጥ ታሪክ ቢሆኑልን ደስ ይለናል።"

"ምን ማድረግ አለብኝ?"

"ምንም። አሁን ከነጺምዎ 'በፊት' የሚል ፎቶ እናነሳዎታለን። ጁን መጨረሻ ላይ ከዋናው ቢሮ እንግዶች ሲመጡ፣ እነሱ ፊት ይላጩና 'በኋላ' እናነሳለን። ያኔ ድነዋል ማለት ነው።"

ታመነ እምቢ ማለት ነበረበት። ነገር ግን ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለ፤ ለእሱ ገና ፕሮጀክት አልተቀረጸለትም። ታመነ "እሺ" አለ፤ ይህኛውን "እሺ" ግን ልጁ በፈረንጅኛ ነው የተረዳው።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ታመነ ማታቱ ውስጥ በር አጠገብ ቆሞ ሳለ፣ ረዳቱ ተሳፋሪ ሊያጨናንቅ ፈልጎ፣ በጺሙ ሰባኪ መስሎት፣ ትከሻውን ነካ አደረገው። "ፓስተር፣ ሶንጋ ኪዶጎ፤ የእግዚአብሔር ቤት ሰፊ ነው" አለው፤ ጠጋ በል ማለቱ ነው። ከኋላ የነበሩ አንዲት እናት "ፓስተር፣ ለዚህ ልጅ ጸልይለት፣ ሌባ ነው" አሉ። ታመነም ሳያስበው እጁን ዘርግቶ በአማርኛ "እግዚአብሔር ይፍታህ" አለው። ማታቱው ሁሉ "አሜን" አለ። ታመነ ሳቀ። እንደ ትልቅ ሰው አይደለም የሳቀው፤ የማታቱውን ብረት ይዞ፣ እንባው እስኪመጣ፣ ሆዱን እስኪያመው ነው። መሀል ከተማ ሲወርድ አገጩን ዳሰሰ። ጺሙ ሞቀው። በላው። ለካስ ይበላል። "ዛሬ ይውረድ" አለ ለራሱ። ሽማግሌ አላዘዘውም፤ አያልነሽም አልደወለችም። ዝም ብሎ ጊዜው ደረሰ፤ ጥርስ ነቅነቅ ብሎ በራሱ እንደሚወጣው።

የሚላጨው ደግሞ በባንታየሁ እጅ እንዲሆን ፈለገ። ከዚያ ሌላ የትም አይሆንም። ምክንያቱን ቢጠይቁት አይናገርም ነበር፤ ደግነቱ እዚያ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ድሮ።

ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና "ባንታየሁ፣ አውርደው" አለ።

ባንታየሁ አየው። መሰልጠኑን ረሳው። ምን ተሰማህ አላለውም። ሙቅ ውኃ አመጣ፤ ፎጣ ነከረ፤ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አወጣ። እጁ ገና ጺሙ ላይ ሳያርፍ ሱራፌል ከበሩ ላይ "ኖ፣ ኖ፣ ጋሽ ባንታየሁ፣ ንጎጃ" አለ፤ ቆይ ማለቱ ነው፤ ሲደነግጥ ስዋሂሊ ነው የሚቀድመው።

"ምን ሆነ?"

"ጺሙ ጁን መጨረሻ ላይ ነው ያለው።"

"ጺሙ ያለው አገጬ ላይ ነው" አለ ታመነ።

"በዕቅዱ ማለቴ ነው። እንግዶቹ ሳይመጡ ከተላጨ 'በኋላ' ማለት አንችልም። ከምን በኋላ? እኛ ገና ሁለተኛውን ምዕራፍ አልጀመርንም። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እርስዎ ሐዘንዎን መቀበል ይጀምራሉ።"

"ልጄ፣ እኔ ዛሬ ጠዋት… ወጣልኝ መሰለኝ።"

ሱራፌል ፊቱ አመድ መሰለ። "ምኑ?"

"ሐዘኑ። ሁሉም አይደለም። መላጨት የሚያስችለኝ ያህል።"

"በማን ድጋፍ?"

"በማታቱ ረዳት።"

"ጋሽ ታመነ፣ እባክዎ፣ ይህን ለማንም እንዳይናገሩ። የማታቱ ረዳቶች በፕሮጀክቱ አልታቀፉም።" ወንበሩ አጠገብ ተንበረከከ፤ በእውነት ተጨንቆ ነበር። "ይኼ እኮ የኔ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ትንሽ ብቻ ይቆዩልኝ። ለጊዜው… እንደነበሩ ይሁኑ።"

ባንታየሁ ምላጩን እንደያዘ ባትሪውን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ታመነን አየ። ታመነም ልጁን አየ፤ ባንታየሁ ባትሪውን ማየቱንም አየ። አገጩ እየበላው "እሺ" አለ።

እንዲህ ሆኖ ሐዘኑ እስከ ሩብ ዓመቱ መጨረሻ ተራዘመ። በታሪክ ብዙ ነገር ተራዝሟል፤ ሐዘን በባለሙያ ሲራዘም ግን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ችግሩ ታመነ አንዴ ከሳቀ በኋላ ማቆም አለመቻሉ ነው። በሥራ ቦታው አበባ የሚጭኑት ሠራተኞች "ፓስተር" ሲሉት ይስቃል። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ለጸሎት ራሷን ዝቅ ስታደርግለት ይስቃል። ራሱን ያዘ፤ አልሆነም። ሱራፌል ይህን ሲሰማ ጭንቅ ገባው፤ ማታ ማታ ይደውል ጀመር።

"ጋሽ ታመነ፣ እንዴት ዋሉ?"

"ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ደኅና ሲሉ… በጣም ደኅና?"

"መጠነኛ።"

"ጎሽ። እዚያው ላይ ይቆዩ። እራት በሉ?"

"በደንብ።"

"በደንብ ባይበሉ ጥሩ ነበር" አለ ልጁ በሐዘኔታ። "አደራ፣ ቅዳሜና እሑድ ላይ ብዙ ሰው እንዳያገኙ። የሚያስቅ ሰው በተለይ። ጋሽ ገብረመድህንን።"

ያ መልካም ልጅ፣ ባሏን ያጣች ሴት ወይም ሚስቱን ያጣ ወንድ እንዳይስቅ በስልክ የሚከታተል፣ በዓለም ላይ ብቸኛው ባለደመወዝ ሳይሆን አይቀርም። የቀረው ዓለም በነፃ ነው የሚሠራው።

የእንግዶቹ ቀን ደረሰ። ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሩንዳ በኩል ሁለት ነጭ መኪኖች መጡ። ዋና ገምጋሚዋ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ሁሉንም ነገር በሁለት እጃቸው የሚጨብጡ ሴት ነበሩ። መኪና ማጠቢያው ጋ የተሰደዱት ወንዶች ምሳ አለ ተብለው ተመልሰው በክብ ተቀምጠዋል። ጋሽ ገብረመድህን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ሱራፌል ንግግሩን አደረገ፤ "የመጣንበት መንገድ ረጅም ነው፣ የቀረን መንገድም ይረዝማል" አለ፤ ይህን ያለ ሰው ተሳስቶ አያውቅም።

ከዚያ ፎቶ አንሺው የድሮው ፎቶ ጨልሟል አለና፣ "በፊት" እንደገና ይነሳ ተባለ። ታመነ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሐዘን እንዲታይበት አጥብቆ አሰበ፤ የጠወለገ አበባ፣ የቀረ አውሮፕላን፣ ምን የማያስበው ነገር አለ። ሊሳካለት ጥቂት ሲቀረው ጋሽ ገብረመድህን ወደ ጆሮው ጎንበስ አሉ።

"ታመነ፣ ከጺምህ ውስጥ አንድ ነገር ወጥቶ እንግዶቹን አየና ተመልሶ ገባ።"

ካሜራው ብልጭ ሲል ታመነ አፉን ከፍቶ፣ ጥርሱ ሁሉ ታይቶ፣ ጺሙ በደረቱ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

"ምን አሉት?" አሉ ገምጋሚዋ።

"ሽማግሌው ድጋፋቸውን እየገለጹ ነው" አለ ሱራፌል፤ ላብ በግንባሩ ወረደ።

መላጨቱ ተጀመረ። ባንታየሁ ያን ዕለት እጁ አልቸኮለም። ጺሙ በጨርቁ ላይ እየወደቀ፣ ጉንጩ፣ ቀጥሎም አገጩ ወጣ። የመስተዋቱ ጨርቅ እንዲነሳ በዕቅዱ ላይ ተይዞ ነበር፤ ተነሳ።

ታመነ ቀና ብሎ አየ። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰው የጺማሙ ሰው አልነበረም። ሚዛን ጠዋት ጠዋት የምታየው ሰው ነበር። ያን ፊት ማንም አላየውም ነበር፣ ከእሷ ወዲህ። እንባው ያለ ድምፅ ወረደ፤ ሁለቱም እጆቹ ጨርቁ ስር ስለነበሩ አልጠረገውም።

ባንታየሁ የወንበሩን መርገጫ ረገጥ አደረገና አዞረው፤ የታመነ ጀርባ ለእንግዶቹ ሆነ። ጋሽ ገብረመድህን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ከክቡ ማዶ ለተቀመጠው የታክሲ ሾፌር "አንተ፣ ያ ዳኛ ግን ዓይኑን ታክሞ ያውቃል?" አሉ። ሾፌሩም "ዳኛውን ተዉት፣ የእርስዎ ተከላካይ ነው ሐኪም የሚያስፈልገው" አለ። ወዲያው ሁሉም በአንድ ላይ ተነሱ፤ ስለ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ስለ አሠልጣኙ፣ ስለ አሠልጣኙ እናት ተጯጯሁ። ማንም ወደ ወንበሩ አላየም። ባንታየሁ ፎጣውን ታመነ ፊት ላይ አደረገ።

"አልኮሉ ነው" አለ።

"አዎ፣ አልኮሉ ነው" አለ ታመነ ከፎጣው ስር።

የአልኮሉ ጠርሙስ ገና አልተከፈተም ነበር።

"ሰው እያለቀሰ እነሱ ይጯጯሃሉ?" አሉ ገምጋሚዋ፤ ደነገጡ። "ማንም ምን ተሰማህ አላለውም። ሱራፌል፣ ምን እያሉ ነው የሚጮሁት?"

ሱራፌል አፉን ከፈተ። የሚተረጉምበት ቃል በሚያውቃቸው በሦስቱም ቋንቋዎች ፈለገ፤ አጣ። ፎቶ አንሺው ግን ዞሮ መጥቶ፣ ፎጣው ሲነሳ "በኋላ" የተባለውን አነሳ።

ማስረጃ አይዋሽም። በዓመታዊው መጽሔት ላይ ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ወጡ፦ በፊት፣ ጺማም ሰው ከልቡ ሲስቅ፤ በኋላ፣ የተላጨ ሰው ሲያለቅስ። ሊቃውንቱ እንደገና ሞምባሳ ወርደው መከሩና ከሐቅ ሌላ መሄጃ አጡ። ወንድን የሚጎዳው ምላጭ ነው። ጺም ተፈጥሮ ለወንድ ልጅ ደኅንነት ያበጀችው ሽፋን ነው። ፀጉር ቤቶችም የወንዶች የአእምሮ ጤና ጠንቅ መሆናቸው በመስክ ተረጋግጧል። የፀጉር ቤት ፕሮጀክቱ ተዘግቶ "ጺም ለደኅንነት" የሚባል የበለጠ ሰፊ ፕሮጀክት ተከፈተ። የድርጅቱ ሰዎች መጥተው ወረቀታቸውን ከግድግዳው ላይ ላጡ። ባትሪውንና ወንበሩን ግን አልወሰዱም፤ ጎጂ ንብረት ወደ ቢሮ ማስገባት ክልክል ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አግዳሚው ወንበር ግድግዳውን ይዞ ተመለሰ። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። መኪና ማጠቢያው ጭር አለ። ታመነ ሲገባ ጋሽ ገብረመድህን የተላጨ ፊቱን እያገላበጡ አዩት።

"ለዚህ ፊት ነው ያን ሁሉ ጊዜ በጉጉት የጠበቅነው?"

"እንዲያውም ቶሎ ይሸፈን" አለ ባንታየሁ።

ታመነ ተቀመጠ። እንዴት ነህ ያለው የለም።

ሱራፌል ደግሞ ዕድገት አገኘ፤ የ"ጺም ለደኅንነት" አስተባባሪ ሆነ። አስተባባሪ አርአያ መሆን ስላለበትም ጺም እንዲያሳድግ ተደረገ። እግዚአብሔር ግን ለዚህ ኃላፊነት አላዘጋጀውም ነበር፤ አገጩ ላይ አንድ፣ ግራ ጉንጩ ላይ አንድ፣ ቀኙ ላይ ምንም። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ ቅዳሜ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ፤ የድርጅቱን ባጅ ኪሱ ውስጥ ደብቆ። ታመነ ከወንበሩ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀለት። ልጁ ተቀመጠ፤ ከስቷል።

"ጋሽ ባንታየሁ፣ ቢያወርዱልኝ።"

ጋሽ ገብረመድህን መነጽራቸውን አውጥተው ተጠጉት፤ በብርሃን በኩል ዞረው አዩት፤ ራቅ ብለውም አዩት።

"ባንታየሁ፣ በከንቱ ምላጭ አትፍጅ። ይኼ ጺም አይደለም። ከመንገድ የመጣ አቧራ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።"

ታመነ አግዳሚው ላይ ሆኖ አከለበት። "አቧራም ቢሆን እኩል ይቀመጥ ነበር፣ ጋሼ።"

ሱራፌል መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ያ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ልጅ ወንበሩን ከፍና ዝቅ እስኪያደርገው ድረስ ሳቀ፤ ሳቁም ሲያበቃ ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ማንም አላየውም፣ ሁሉም ቴሌቪዥኑን ያዩ ነበር። በዚያ ቤት የፕሮጀክቱ ብቸኛ ውጤት ይህ ነበር። በየትኛውም ሪፖርት ላይ ግን አልሰፈረም፤ ሪፖርት የሚጽፈው እሱ ራሱ ነበርና፣ እጆቹ ደግሞ በጨርቁ ስር ነበሩ።